ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ስምንት ገጽ፦ በሐዋሳ ፊልም ለመጀመር

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ሥራ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ሌሊቱን ሐይቁ ውስጥ ያደረውን መረብ የሰበሰቡ ጀልባዎች አንድ በአንድ ወደ ዳር ይጠጋሉ። ቆሮሶውና አምባዛው ከመረብ እየተፈታ ይቆጠራል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ክርክር ይነሣል። ፈንጠር ብለው ልጆች ቢላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ ቅርፊት ይፍቃል፣ ሌላው ቆዳውን ገፎ ሥጋውን ከአጥንት ይለያል። እጃቸው ሥራውን ስለለመደው ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። ከጀርባቸው አባ ኮዳ የሚባሉት አሞራዎች የሚወረወርላቸውን እየጠበቁ ቆመዋል። ፀሐይ ወጣ ስትል ጎብኚው ይመጣል፤ ዓሣውን በዳጣ ያዝዛል፣ ስልኩን አውጥቶ አሞራዎቹን ይቀርጻል፣ ከዚያ ይሄዳል።

ልጆቹን የሚቀርጽ ጥቂት ነው። ከየት እንደመጡ፣ ማታ የት እንደሚያድሩ፣ ያገኙትን ብር ለማን እንደሚልኩ የጻፈ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሐዋሳ በፊልምና በዘፈን ክሊፕ የማትታወቅ ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሐይቅና ሪዞርት ይዛ፣ በብዙ የአማርኛ ፊልም ላይ ፍቅረኞች ለሁለት ቀን የሚመጡባት ቦታ ሆና ትታያለች። ጀልባ ላይ ይሣሣቃሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይታቀፋሉ፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ከተማዋ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ነዋሪ የላትም። ነዋሪዎቿ ግን ታሪክ ሞልቷቸዋል፤ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ አምጥቷል፣ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከተማዋን የሲዳማ ክልል መዲና አድርጓታል፣ በየዓመቱ ጉዱማሌ ላይ የሚከበረው ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ከውስጥ የሚያውቅ ወጣት ፊልም ልሥራ ሲል ከየት ይጀምር?

ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከካሜራ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «በምን ልቅረጽ?» የሚል ነው፤ መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ዋጋ ስለሆነ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ለዚህ ጥያቄ የዓለም ሲኒማ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። አሜሪካዊው ሾን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2015 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ያሳየውን «ታንጀሪን» የተባለ ሙሉ ፊልም የቀረጸው በሦስት አይፎን 5ኤስ ነው። ዛሬ በሐዋሳ በየካፌው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡት ስልኮች አብዛኞቹ በምስል ጥራት ከእነዚያ የተሻሉ ናቸው። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ ጄሲካ በሽር አለች። ያደገችባትን ሐረርን ትታ በ16 ዓመቷ ከአገር የወጣችው ጄሲካ፣ በኋላ እየተመላለሰች አሥር ዓመት ያህል ካሜራዋን ራሷ ይዛ ቀረጸች። «ፋያ ዳዪ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልሟ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታየ፣ በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ በቪዥን ዱ ሬኤል ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ያ ሥራ ከሁሉም በላይ የጠየቃት ጊዜ ነው፤ በፊልሙ የሚታዩት የጫት ገበሬው፣ ልጁ፣ አሮጊቷ ካሜራዋን ረስተው በፊቷ እስኪኖሩ ድረስ መመላለስን።

እንግዲህ ጀማሪውን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ሊሆን ይገባል፤ ምን ልጻፍ የሚለው።

እዚህ ላይ ኃይሌ ገሪማን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ጎንደር ያደገው ኃይሌ የፊልም ሰው ከመሆኑ በፊት የቴአትር ልጅ ነበር። አባቱ ተውኔት ጽፈው በየቦታው እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበርና ልጁ ታሪክ በሕዝብ ፊት ሲቆም ምን እንደሚመስል ከቤቱ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሄደ፣ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። ከዚያ በ1974፣ ንጉሡ ሊወርዱና ደርግ ሊደላደል አገር በሚናወጥበት ወቅት፣ መጥቶ «ምርት፦ 3000 ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ቀረጸ። ሁለት ሳምንት! ያውም በጥቁርና ነጭ የ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ተዋናዮቹ በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ሰዎች ሆነው። ይህን የመሰለ ፍጥነት የሚገኘው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሰውየው የሚያሳየውን ነገር በደንብ ካወቀ ብቻ ነው። ፊልሙ የሚያሳየው የባላባቱና የጭሰኛው ነገር ከዓመታት በፊት ጀምሮ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር።

ሌላው ምሳሌ ያሬድ ዘለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የካን ፌስቲቫል መደበኛ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ «ላምብ» ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ዘመድ ቤት ይተዋል፤ ከቤት ይዞት የመጣው አንድ በግ ብቻ ነው፤ አጎቱ ደግሞ በጉን ለበዓል ሊያርደው አስቧል። ተመልካቹ ስለ ድርቅ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ወንድና ሴት ሥራ ብዙ ነገር አይቶ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወንበሩ ላይ የሚያቆየው በጉ ይታረድ ይሆን ወይ የሚለው ነው። ጀማሪ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ከሌላው ጫፍ ይነሣሉ፤ «ስለ ስደት ፊልም እሠራለሁ» ይላሉ። ስደት ርእስ ነው፤ በጉ ታሪክ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ ትንሽ ምሳሌ ሐዋሳ ውስጥ እንሥራ። ወንድምና እህት ዳቶ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ እንበል። እሷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፤ እሱ አሞራ ገደል ዓሣ ይገፋል። አልጋቸው አንድ ነው፤ እሷ ስትገባ እሱ ይነሣል። ቁልፋቸውም አንድ ነው። በቀን ውስጥ የሚተያዩት በር ላይ፣ ቁልፍ ሲቀባበሉ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ሥራዋን ለቅቃ ወደ አረብ አገር ልትሄድ መሆኑን ልትነግረው ፈልጋለች።

ጀማሪው ይህን ሲጽፍ የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይወጣል። እህት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ «አየህ ወንድሜ፣ አባታችን ከሞተ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ፋብሪካ ስሠራ ደመወዜ የቤት ኪራይ እንኳ አልሸፍን ብሎ…» እያለች ግማሽ ገጽ ትናገራለች። ወንድም ሁሉንም ያውቀዋል፤ የማያውቀው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ እህት የምታወራው ከወንድሟ ጋር ሳይሆን ከተመልካቹ ጋር ነው፤ ይህ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። ብዙ የአማርኛ ፊልም የሚደክመው እዚህ ነው። ከሬዲዮ ድራማ የወረስነው ነገር ይመስላል፤ ሬዲዮ ላይ ያልተነገረ ነገር የለም፣ ስክሪን ላይ ግን አለ።

ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሲን 1። ውስጥ። የኪራይ ቤት። ሊነጋ ሲል።

ጠባብ ክፍል። አንድ አልጋ። ወንድም፣ 16 ዓመት፣ ጫማውን እያሰረ ነው። በሩ ይንኳኳል። ይከፍታል። እህት፣ 21 ዓመት፣ የፋብሪካ ጋውኗን በፌስታል ይዛ ትገባለች። ቁልፉን ይሰጣታል። አትቀበለውም።

እህት፦ ቁርስ በላህ?

ወንድም፦ እዚያ እበላለሁ። ጀልባ ገብቷል።

ወንድም የዓሣ ቢላውን ያነሣል። እህት ከእጁ ትወስድና በጨርቅ ጠቅልላ ትመልስለታለች። ስትጎነበስ ከኪሷ አንድ ፖስታ ይወድቃል። ወንድም ያነሣዋል። ውስጡ ስድስት ጉርድ ፎቶ አለ፤ ሁሉም የእሷ፣ ሁሉም ሻሽ ያሰረችበት።

ወንድም፦ መቼ ተነሣሽው?

እህት፦ ጀልባው እንዳያልፍህ።

ወንድም አንዱን ፎቶ ወስዶ ኪሱ ይከታል። ቁልፉን አልጋው ላይ አስቀምጦ ይወጣል።

ስደት የሚል ቃል አልተነገረም። ደመወዝ አልተቆጠረም። ወንድም የሚያነሣው ፎቶና የማትቀበለው ቁልፍ ሥራውን ሠርተዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ፊልም እሱ ዓሣውን እየገፋ ቀኑን እንዴት እንደሚውል፣ ማታ ቤት ሲመለስ እሷ ትኑር አትኑር ነው። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መንገድ፣ አንድ የሐይቅ ዳር። ስምንት ገጽ ይበቃዋል። ከዚህም ሌላ ጥቅም አለው፤ ጸሐፊው ባጠገቡ ባለው ነገር ብቻ ሊቀርጸው ይችላል። ለመጀመሪያ ፊልሙ የመኪና ግጭት፣ የሠርግ ድግስና የፍርድ ቤት ችሎት የጻፈ ሰው ስክሪፕቱን ትራሱ ሥር አስቀምጦ ፕሮዲውሰር ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ።

አጻጻፉ ላይ እናተኩር። የፊልም ጽሑፍ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ይይዛል። «ወንድም ያለፈውን እያስታወሰ አዘነ» ካሜራ የማይቀርጸው ነገር ነው፤ ምን ሲያደርግ አየነው? እያንዳንዱ ሲን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ የት ነው፣ ቀን ነው ወይስ ማታ የሚለውን አናቱ ላይ ይጽፋል። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቀረጻ የሚያቅደው ሰው በኪራይ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሲኖች ሁሉ ለቅሞ በአንድ ቀን እንዲጨርስ የሚያስችለው ያ ርእስ ነው።

በውጭ መጻሕፍት የሚነበበው «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ስሌት ግን አማርኛ ላይ እንዳለ አይሠራም። ስሌቱ የተወለደው ኩሪየር በተባለ የላቲን ፊደል፣ በ12 መጠን፣ ለእንግሊዝኛ ነው። የግዕዝ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ በአንድ ገጽ ላይ የሚሰፍረው ንግግር ይበዛል። የተሻለው መንገድ ስክሪፕቱን ድምፅ አውጥቶ፣ እንቅስቃሴውንም በሐሳብ እየተከተሉ፣ በሰዓት መለካት ነው። ድምፅ አውጥቶ ማንበቡ ሌላም ያስተምራል። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሦስት አራት ጓደኛ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍሎ ሲያነብ የትኛው ዐረፍተ ነገር ከማንም ሰው አፍ እንደማይወጣ ወዲያው ይሰማል። ጸሐፊው ያን ጊዜ መከራከር የለበትም፤ እስክሪብቶ ይዞ መስመር ያሰምርበት።

ቋንቋው ራሱስ? በዚህ ከተማ እህትና ወንድም እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ፣ ከአከራያቸው ጋር በአማርኛ ቢያወሩ እውነቱ ያ ነው። ሁሉንም ወደ አማርኛ ማጠፍ ለገበያ ይጠቅማል ይባላል። የ«ፋያ ዳዪ» ዋና ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ዓለምን ከመዞር አላገደውም። ከታች የሚጻፍ ትርጉም ይህን ችግር ከፈታው ሰንብቷል፤ ጸሐፊው የሰዎቹን አፍ እንደሰማው ይጻፍ።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ቀረጻ ይመጣል። ሐዋሳ ለቀራጭ ደግ ከተማ ናት፣ ጠባይዋን ለሚያውቅ። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የተቀረጸ ፊት ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጥሩው ብርሃን እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ፀሐይ ከከተማው በኩል ትመጣለች፤ ጀልባዎቹና ውሃው በደንብ ይበራሉ። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ በሐይቁ ላይ ትጠልቃለች፣ ሰዎቹ ጥላ ይሆናሉ። የፍቅረኞቹ ፊልሞች ሁሉ የሚቀርጹት ይህንን ነው። የዓሣ ገፊውን ልጅ ታሪክ የሚቀርጽ ግን የጠዋቱን ይመርጣል፤ የልጁ ፊት መታየት አለበትና። ዝናቡ ከበልግ እስከ ክረምት ማብቂያ ስለሚዘልቅ ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለውጭ ቀረጻ የተመቸ ነው።

የጀማሪ ፊልም ግን ከምስሉ ይልቅ በድምፁ ይጋለጣል። ተመልካች የተንቀጠቀጠ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ባጃጁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ድምፅ ማጉያው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሁሉም ማይክ ውስጥ ይገባል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚገዛው ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ነው። ያ ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ አጠገብ፣ ከካሜራው ዓይን ተሰውሮ፣ ድምፅ እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል። በየቦታው ሁሉም ሰው ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ የቦታውን ድምፅ ብቻ መቅዳት ደግሞ ምንም አያስወጣም፤ ኤዲቲንግ ላይ የተቆራረጠውን ንግግር የሚያያይዘው እሱ ነው። ስልኩ በራሱ ፍላጎት ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እንዳያደርግ ኤክስፖዠሩንና ፎከሱን መቆለፍ ያስፈልጋል፤ ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው ነፃ መተግበሪያ ይህን ይፈቅዳል። ለኤዲቲንግ ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ የሚገኝ ሥሪት አለው፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ይጠይቃል እንጂ ትላልቅ ፊልሞች የቀለም ሥራቸውን የሚሠሩበት ነው። የተቀረጸው ሁሉ በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ቦርሳ አይደሩ።

ፈቃድ አድካሚ ቢሆንም የሚታለፍ አይደለም። ከከተማው የባህል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ግልባጭ አድርጎ የወጣ ቡድን መንገድ ላይ ሲጠየቅ ቀኑ አይበላሽበትም። ፋብሪካው፣ ገዳሙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሪዞርቱ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቃል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ለስምንት ገጹ ፊልማችን ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም። የዓሣ ገፊዎቹን ልጆች የሚቀርጽ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እነሱን፣ ለአቅመ አዳም ካልደረሱ አሳዳጊዎቻቸውን፣ ማስረዳትና ማስፈቀድ አለበት።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳይ ታሪክ አለን። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በጠለፋ ላይ የተመሠረተ እውነተኛ ታሪክ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስና በርሊን ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ክርክሩ የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት መብት ነበር። ፊልሙ በኋላ ለሕዝብ ታይቷል። ጀማሪው ከዚህ የሚወስደው ነገር ግልጽ ነው፤ የሰው ሕይወት ላይ የተመሠረተ ስክሪፕት ሲጻፍ ከባለታሪኩ ጋር የተደረገው ስምምነት በወረቀት ይስፈር፣ ያውም ከቀረጻ በፊት። ተዋናዮቹና ባለሙያዎቹም በነፃ የሚሠሩ ቢሆኑ እንኳ ስማቸው የት እንደሚጻፍ፣ ገንዘብ ቢገኝ እንዴት እንደሚካፈሉ በአንድ ገጽ ላይ ይፈራረሙ። በጓደኝነት የተጀመረ ስንት ፊልም ይህ ባለመደረጉ ሳይጨረስ ቀርቷል!

የጸሐፊውንም መብት ሕጉ ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ ሆኖ በወረቀት ወይም በሌላ ግዙፍ ነገር ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ይሰጠዋል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ ካፌ ውስጥ የተወራ «አሪፍ ታሪክ» የማንም ነው። ስለዚህ ማውራት ከመጻፍ በኋላ ይምጣ። የተጻፈውን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ የት ይታይ? የአማርኛ ፊልም መንገዱን ብዙ ጊዜ ቀይሯል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1957 ዓ.ም. በ35 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ሲሠራ ፊልም መሥራት የጥቂቶች ነገር ነበር። በ1990ዎቹ ቪዲዮና ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ወጣቱ ተመልካቹን በየሲኒማ ቤቱ ወረፋ አስያዘ፤ ከዚያ ቪሲዲ መጣ፣ ከእሱ ጋር ሕገወጥ ቅጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ብቅ አለ፤ በ2021 ደግሞ አቦል የተባለው ጣቢያ በዲኤስቲቪ ተከፈተና ለተከታታይ ድራማ ጸሐፊ አዲስ በር ሆነ። ዩቲዩብም አለ። ይህን ሁሉ ያየ ወጣት የስምንት ገጽ ፊልሙን ቸኩሎ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል። ከመጫኑ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ አንዳንድ ፌስቲቫሎች በኢንተርኔት የተለቀቀ ፊልም አይቀበሉም። አጭር ፊልም ደግሞ በር ይከፍታል። የዳይሬክተር ሕይወት አድማሱ «ኒው አይስ» የተባለ አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኒስ ፌስቲቫል ድረስ ሄዷል። የማመልከቻ ክፍያ የማይጠይቁ ፌስቲቫሎች አሉ፤ ከአገር ውስጥ የውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረው ሰው ፍለጋውን ከእነሱ መጀመር ይሻለዋል።

አሁንም ወደ ኃይሌ ገሪማ እንመለስ፤ ፊልሙን ለሕዝብ በማድረስ የሠራው ሥራ ከፊልሞቹ አያንስምና። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው። ሰው ለሰው እየነገረ አዳራሹ ለሳምንታት ሞላ፤ ከዚያ በየከተማው እንዲሁ አደረገ። በኋላ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። «ጤዛ»ን ለመሥራት ገንዘብ ሲያሰባስብ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ፤ ፊልሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። የስክሪፕት ሽልማት መሆኑን ልብ ይሏል። ቬኒስ ካከበረቻቸው ነገሮች አንዱ አንድ ኢትዮጵያዊ በገጽ ላይ የጻፈው ነው።

ለትምህርት አዲስ አበባ መሄድ የሚችል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወይም ሲኒማቶግራፈሩ አብርሃም ኃይሌ ብሩ የመሠረተውን ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን ያገኛል። መሄድ የማይችል ሐዋሳ ላይ ብቻውን አይደለም። ከተማዋ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ ያላት፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የሲዳማ ባህል አዳራሽን የመሰለ ሰፊ መድረክ ያላት ናት። በየጣቢያው ድምፅ የሚቀዱ፣ ካሜራ የሚይዙ፣ ኤዲት የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። ሠርግ እየቀረጹ የሚተዳደሩ ልጆችም አሉ፤ በደብዛዛ ብርሃንና በጩኸት መሐል ስህተት በማይፈቀድበት ሰዓት መቅረጽ የለመዱ ናቸውና ለጀማሪ ዳይሬክተር ከእነሱ የተሻለ ካሜራ ማን አይገኝም።

የጎደለው የሚያገናኛቸው ቦታ ነው። ጀማሪው ጽፎ የሚያነብለት፣ ቀርጾ የሚያይለት፣ «ይህ ሲን አሰለቸኝ» ብሎ ፊት ለፊት የሚነግረው ተመልካች ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አዳራሽ ያላችሁ፣ ካፌ ያላችሁ፣ ሪዞርት ያላችሁ የሐዋሳ ሰዎች፣ በወር አንድ ማታ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ነጭ ግድግዳ ለጀማሪዎቹ ስጧቸው። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ደግሞ የተማሪን ፊልም ደብዳቤ በዚያው ቀን ፈርሙላቸው። ስክሪፕታቸውን በስልካቸው ይዘው የሚዞሩት ልጆችም የስምንት ገጻቸውን ረቂቅ ዝናቡ ሳያቆም ይጨርሱ፤ በጥቅምት መጨረሻ ሰማዩ ይጠራል፣ አሞራ ገደል ላይ የጠዋቱ ብርሃን ለቀረጻ ይመቻል።